ሠላሳ አንዱ ቀይ ቀበሮዎች

ቀይ ቀበሮ ሲቆጥር የሸበተ፣ ምላሱ ግን ያልዶለዶመ አንድ የፓርክ ስካውት ነበር። የዓመቱ ዕቅድ የቀበሮዎቹ ቁጥር አርባ ይደርሳል ይል ነበር። ስካውቱ የፓርኩን ተራራ ዞሮ ሲቆጥር ግን ያገኘው ዘጠኝ ብቻ ነው፤ የቀሩትን ከመንደር ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ፈጅቷቸዋል። ለውሾቹ ክትባት በአስቸኳይ ይላክ ብሎ ለአለቃው ለአቶ ምንይችል ሪፖርት አቀረበ።

አቶ ምንይችል ተራራውን የሚያውቁት ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ፎቶ ነው። "የምን ዘጠኝ? ዕቅዱን ያጸደቅሁት እኔ ነኝ! አርባ ብለህ ሙላ፤ አለዚያ የደንብ ልብስህን አስረክበህ ውጣ!" ብለው ጮኹበት።

"ይሞላል ጌታዬ። ጥፋቱ የቀበሮዎቹ ነው፤ ዕቅዱ ሲጸድቅ ስብሰባው ላይ አልተገኙም" አለና የቆጠራ ቅጹን እዚያው ሞልቶ ሰጣቸው።

አለቃው ማኅተማቸውን አንስተው ሊመቱ ሲሉ ዓይናቸው ጽሑፉ ላይ አረፈ።

"ዘጠኝ ቀበሮዎች። የታዩበት ቦታ፦ ተራራው። ስጋታቸው፦ ውሻ።

"ሠላሳ አንድ ቀበሮዎች። የታዩበት ቦታ፦ የአቶ ምንይችል ቢሮ። ጤንነታቸው፦ እጅግ በጣም ጥሩ። ስጋታቸው፦ ቆጠራ።"