ለለቅሶ የምትፈጥን ጎረቤት

አንዲት ሴት ነበረች ወገኖቼ፤ ትርንጎ እንበላት። በሰፈሯ ደግ የሚሏት ሴት ናት። የታመመ ካለ ቀድማ የምትደርስ፣ ሐዘን ቤት ድስት ጥዳ የምትውል። እንዲህ ላለች ሴት ምን እንከን ይወጣላታል? ቆዩ፣ ስሙኝማ።

ትርንጎና አጥር የምትጋራት የሺ በአንድ ሰሞን አረገዙ። አብረን እንታረሳለን ሲባባሉ፣ የሺን ገና በስድስተኛ ወሯ ምጥ ያዛት። የተወለደችው ልጅ መዳፍ እንኳ የምትሞላ አትመስልም። ቆዳዋ ስስ፣ ጣቶቿ ክር የሚያካክሉ። ሐኪሙ ለየሺ፣ «የምንችለውን እናደርጋለን፤ አንቺ ግን ልብሽን አዘጋጂ» አላት።

ያን ጊዜ ትርንጎን ብታዩ! የገፋ ሆዷን ይዛ አጥሚት ታመላልሳለች። የሺ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ገላዋን በገላዋ እያሞቀች ስትውል፣ ትርንጎ አጠገቧ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እውነተኛ እንባ ነው ወገኖቼ። አላስመሰለችም።

ትርንጎ ወሯን ጠብቃ ደንዳና ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙን ዳግም አለችው። የየሺም ልጅ ረድኤት ተባለች፤ ነፍሷ ተርፎ ቤቷ ገባች። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሁሉ ዳግምን ይስማል፤ ለረድኤት ከንፈሩን ይመጥጣል። ትርንጎም አብራ ትመጥጣለች። ደስ ይላት ነበር? አዎ፣ ደስ ይላት ነበር። እርሷ ግን አዘኔታ ነው የምትለው።

ረድኤት አደገች። ዘግይታ ቆመች፤ ከቆመች በኋላ ግን ማን ይያዛት! ትምህርት ቤት ሲገቡ ዳግም ገና ፊደል ላይ ሲደናቀፍ፣ እርሷ መጽሐፍ ታነባለች። ሩጫ ብትሉ ሩጫ፣ ጨዋታ ብትሉ ጨዋታ።

ትርንጎ ልጇን መቆንጠጥ ጀመረች። «ያቺ ያለ ወሯ የተወለደችው እንኳ በልጣህ!» ትለዋለች። ልጁ ምን አደረገ? ሰው ረድኤትን ሲያደንቅ ደግሞ፣ «ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉ ልጆች ኋላ ላይ ጣጣ አያጡም» ትላለች። የሺ ለልጇ ልደት ስትጠራት ራሷን ያማታል። በዓመቱም ስትጠራት ያማታል።

አንድ ክረምት ረድኤትን የሳንባ ምች ያዛትና ሆስፒታል ገባች። ትርንጎ ወሬውን ስትሰማ ምን እንደተሰማት ልንገራችሁ? አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ደነገጠችና አማተበች። ግን አጥሚቱን አፍልታ ስትወጣ እርምጃዋ ቀሎ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ የሺን አቀፈቻት። አለቀሰች። እንባው ዛሬም እውነተኛ ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ልጅቷ ዳነች። ትርንጎ ልትጠይቃት ስትገባ፣ ረድኤት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እንቁላል ትበላለች። «እትዬ ትርንጎ፣ ነገ እወጣለሁ እኮ!» አለቻት። ትርንጎ «ጎሽ የኔ ልጅ» ልትላት አፏን ከፈተች፤ ፊቷ ግን እምቢ አላት። «በሉ ልሂድ፣ ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት» ብላ ወጣች።

የሺ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባትና እጇን ያዘቻት።

«ትርንጎ፣ ሳለቅስ ካንቺ ቀድሞ የደረሰልኝ የለም፤ ይህን እስክሞት አልረሳም። ስስቅ ግን የት ነው የምትሄጂው?»

ትርንጎ ግድግዳውን ተደገፈች። «ልጅሽ ስትታመም ደስ አለኝ» አለች። «አልፈለግሁትም፣ የሺ። ግን ደስ አለኝ።»

የሺ እጇን ለቀቀች። ይቅር ተባባሉ እንድላችሁ ትፈልጋላችሁ፤ አልተባባሉም። እናት ናት፣ ምን ትበል? ወደ ልጇ ተመለሰች።

ትምህርት ሲዘጋ ረድኤት ልትሸለም ስሟ ተጠራ። ትርንጎ ዳግምን ይዛ ከኋላ ቆማለች። ማንም አልጠራትም፤ ራሷ ነው የመጣችው። እልል ልትል ሞከረች፤ ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። እንደገና ሞከረች፤ የሻከረ፣ ሳል የመሰለ ነገር ወጣት። አላቆመችም። «እልልል!» የሺ ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አነሣችና ቦታውን ለቀቀችላት።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ለቅሶ ቤት እንድትሄዱ ማን ይለምናችኋል? ማንም። የወደቀውን ማቀፍ ታውቁበታላችሁ። የተነሣውንስ? ጸሎቱ የተሰማለትን፣ ልጁ የተመረቀለትን፣ ባዶ የነበረው ቤቱ የሞላለትን ሰውስ? «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብላችሁ የለመናችሁላት ሴት ሲሰጣት፣ ከሰጪው ጋር አልተጣላችሁም?

እኔ ስናገር የአንድ ሰው ስም ልባችሁ ውስጥ መጥቷል። አውቃለሁ፣ መጥቷል። የምትሸሹት ደስታ ያለው እዚያ ነው። ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ፤ መጀመሪያ የዚያን ሰው በር አንኳኩ።