ሌባ ጣቱን ያሰረው ይመር

ድሮ ነው፤ ቆላው ገና ደን ለብሶ በነበረበት ዘመን። እኔ ከአያቴ ሰማሁ፣ አያቴም ከአያቱ ሰማ፣ እናንተም ይኸው ከእኔ ትሰማላችሁ። ከአምባሰል ግርጌ ሾላ ምንጭ የሚባል መንደር ነበር። በመንደሩም ይመር የሚባል ሰው ነበር።

ይመር መሬት አልነበረውም። በሬም አልነበረውም። ዘመድም አልነበረውም። የሰው ማሽላ ጠባቂ ነበር። ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ይወጣል፣ በወንጭፍ ግሪሳ ያባርራል፣ ማሽላው ሲታጨድ ይወርዳል። ለድካሙ እህል ይሰፍሩለታል። ኑሮው ይኸው ነበር።

ወደ መንደሩ የመጣው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው። ክፉ ቀን ነበር። አገሩ ሁሉ ሲደርቅ ሾላ ምንጭ አልነጠፈምና ሰው ከየአቅጣጫው ወደዚያ ተሰደደ። የደረሰ ሁሉ ግን አልዳነም። የመንደሩ ሰው ሞተ፤ እንግዳውም ሞተ። የይመር እናት ከምንጩ ዳር ወድቃ ሁለት ቀን ቆይታ አረፈች። ልጇ ተረፈ። የመንደሩ ሰው ያለውን እያካፈለ አሳደገው።

በዚያ ክፉ ቀን አያ ደምለው የሚባሉ ክራር ደርዳሪና ሚስታቸው እትዬ ውዲቱ አንድ ነገር አደረጉ። እየዞሩ የሚሞተውን ሰው ሁሉ ስሙን ጠየቁ። ስሙንም በዜማ አስገቡት። ለእያንዳንዱ አንድ ስንኝ ሰጡት። የዜማው የመጀመሪያ ክፍል የመንደሩን ሙታን ይጠራል። ከዚያ ዜማው ይታጠፋል፤ ወደ ታች ይወርዳል፤ እዚያም እንግዶቹን ይጠራል። በየዓመቱ ማሽላው ተወቅቶ ሲያበቃ ሰው ሁሉ ከመቃብሩ ሜዳ ይሰበሰብና ይህን ዜማ ይሰማል።

አያ ደምለው ግን ይመር ገና ዳዴ ሲል ሞቱ። ሌላ ክራር የሚያውቅ አልነበረም። የመንደሩን ሙታን ስም ልጆቻቸውና ወንድሞቻቸው ያዙት። የእንግዶቹን ስም የሚይዝ ዘመድ አልነበረም። ስለዚህ በየዓመቱ ሰው ይሰበሰባል፣ ዜማው መታጠፊያው ላይ ይደርሳል፣ መታጠፊያው ላይ ይቆማል።

ይመር ጎልማሳ ሲሆን ወደ እትዬ ውዲቱ ሄደ።

«እትዬ፣ እናቴ በዜማው ውስጥ አለች ይባላል» አላቸው። «ስሟን ይንገሩኝ።»

እትዬ ውዲቱ ደረቅ ሴት ነበሩ። ነገር አያሳምሩም።

«አለች» አሉት። «ከአፏ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ግን ስሞቹ ከክሩ ጋር የተሰፉ ናቸው። ዜማውን በአፍንጫዬ ላንጎራጉርልህ እችላለሁ። ስሞቹን ክራር ካልጎተታቸው አይመጡልኝም፤ አንዱ ከአንዱ ይምታታብኛል። ገምቼ የሌላ ሰው እናት ስም አልሰጥህም።»

የባላቸውን ክራር ከግድግዳው አውርደው ሰጡት።

ይመር ቶሎ ተማረ። እትዬ ውዲቱ ያንጎራጉራሉ፣ እሱ ክሩን ይፈልጋል። አንድ ክረምት ሳያልቅ የዜማውን የመጀመሪያ ክፍል አወቀው። ሰው ተገረመ። «የደምለው እጅ ተመለሰ» አሉ። ይመርም ደስ አለው። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ደረሰ። መታጠፊያው ላይ ቆመ።

ሳምንት ቆመ፤ ወር ቆመ። መከሩ መጣ፣ ሄደ፤ እሱ እዚያው ነው። የሚያውቀውን ሲጫወት እጁ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ዜማው ወደ ታች ሲወርድ እጁ ይደነዝዛል። የትናንቱ ይመርና የዛሬው ይመር አንድ ሆኑ።

መጀመሪያ ክራሩን ጠረጠረ። «አርጅቷል፤ ክሩም ላልቷል» አለ። ዋንዛ ቆርጦ ጠረበ። ቆዳ ወጠረ። ከታረደ በሬ ጅማት ለምኖ ፈተለ፣ ክር አደረገው። አዲሱ ክራር ድምፁ የጠራ ነበር። ከእትዬ ውዲቱ ደጅ ተቀምጦ ተጫወተ። የመጀመሪያው ክፍል ከበፊቱ ይልቅ አማረ። መታጠፊያው ላይ ደረሰ። መታጠፊያው ላይ ቆመ።

እትዬ ውዲቱ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ «ክራሩ አዲስ ነው፤ እጁ ያው ነው» አሉት።

ቀጥሎ ጉልበቱን ሰጠ። «ገና በደንብ አልደከምኩበትም ማለት ነው» አለ። ማማው ላይ ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፣ ፀሐይ ስትገባ ያቆማል። አንዱን ቁራጭ ደጋግሞ ደጋግሞ ይመታል። የጣቱ ጫፍ ተላጠ፤ ደማ፤ ጠገገ፤ እንደገና ተላጠ። እየፈጠነ ሄደ። ፍጥነቱ ያሸንፍልኛል ብሎ መታጠፊያውን እንደ ቦይ ሊዘለው ሞከረ። በዚያ ወራት ግሪሳው ማሽላውን ለቀመው። ባለማሽላዎቹ ተቆጡ፤ በዚያ ዓመት እህል አልሰፈሩለትም። ይመር ጎመን ቀቅሎ እየበላ ከረመ። ከዚያ ሄዶ ለእትዬ ውዲቱ ተጫወተላቸው። ከፍጥነቱ የተነሣ ጣቶቹ አይታዩም ነበር። መታጠፊያው ላይ ደረሰ። መታጠፊያው ላይ ቆመ።

«ፈጠንክ» አሉት እትዬ ውዲቱ። «ግን የትም አልሄድክም።»

ይመር ክራሩን ጭኑ ላይ አጋደመ። መተው ወደ ልቡ መጣ። የሚያሳፍር አልነበረም፤ ከአያ ደምለው ወዲህ መታጠፊያውን ያለፈ የለም። ወዲያው ግን ከምንጩ ዳር የወደቁት ሁሉ ትዝ አሉት። እሱ ከተወ እነሱን የሚጠራ የለም። ተነሣ።

የጨው ነጋዴዎች በባቲ ገበያ ግመል የሚጭኑ አያ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ ክራር እንደሚደረድሩ ነገሩት። ክራሩን በጀርባው አዝሎ ወረደ። ቆላው እሳት ነበር። እግሩ ቆሰለ። ከገበያው ዳር አያ ሙሄን ከጭነት ገመድ መሐል ተቀምጠው አገኛቸው። ከግራ እጃቸው ሌባ ጣት የለችም፤ የግመል ገመድ ተጠምጥሞባት ቆርጧት ነበር።

ይመር ችግሩን ነገራቸው።

«ተጫወት እስቲ» አሉት።

ተጫወተ። አያ ሙሄ ፊቱን አላዩም፤ ግራ እጁን አዩ። መታጠፊያው ላይ ሲቆም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህችን ጣት ሌባ ያሏት ለምን ይመስልሃል?» አሉት።

«አላውቅም አያ።»

«የሌሎቹን ሥራ ትሰርቃለች። እያት፤ ከላይ ያሉትን ክሮች ትነካለች፣ ከታች ያሉትንም ዘልላ ሄዳ ልትነካ ትፈልጋለች። ላይ ላይ ሲሆን ይሆንላታል። ዜማው ሲወርድ ግን ሳትደርስ ያመልጣታል። ትንሿ ጣትህና ጎረቤቷ ተወልደው ሥራ አላዩም። አንተ አንድ ሎሌ ይዘህ ሁለት ጌቶች ትቀልባለህ።»

ይመር እጁን አየ። ስንት ዘመን አይቶት አላየውም ነበር።

«እኔም እንዳንተ ነበርኩ» አሉ አያ ሙሄ። «ጣቴ ስትቆረጥ ሁሉ ነገር አበቃ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ሌሎቹ መሥራት ጀመሩ። አንተ አትቁረጣት፤ እሰራት።»

ከሽርጣቸው ጠርዝ ክር መዘዙ። የይመርን ሌባ ጣት ወደ መዳፉ አጠፉና አሰሯት።

«መጀመሪያ የተማርክ ሳይሆን የምታውቀውም የጠፋብህ ይመስልሃል» አሉት። «ሰው ይስቅብሃል። ቀስ በል። አላፊ አግዳሚ ምን ዜማ እንደሆነ እስከማያውቀው ድረስ ቀስ በል።»

«እስከ መቼ ልሰራት?»

«እስክትረሳት።»

ይመር ተመለሰ። አያ ሙሄ እንዳሉትም ሆነ። ያ እንደ ውሃ ይፈስ የነበረው የመጀመሪያ ክፍል ጠፋ። ትንሿ ጣቱ ክር ስትነካ ድምፅ አትሰጥም፤ ብትሰጥም እንደ ትንኝ ነው። የመንደሩ ሰው ሳቀ። «ይመር ባቲ ድረስ ወርዶ ያለውንም ጥሎ መጣ» አሉ። እትዬ ውዲቱ አልሳቁም። ጣቱን አዩ፣ ክሩን አዩ።

በዚያ ጊዜ አያ አራጋው የሚባሉ ባለርስት ልጃቸውን ሊድሩ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይመርን አስጠርተው፣ «በዚያ በፊተኛው እጅህ ለልጄ ሠርግ ዘፈን ተጫወትልኝ። ከወንዙ ዳር ያለችውን ቁራሽ መሬት እሰጥሃለሁ» አሉት።

ይመር መሬቷን ያውቃታል። ጥቁር አፈር ናት። ውሃ ከአጠገቧ አይጠፋም። ስንት ዓመት ማማ ላይ ሆኖ አይቷታል፣ ስንት ጊዜ በልቡ አርሷታል። የሚጠበቅበት ለአንድ ቀን ክሩን መፍታት ብቻ ነው። ቀኝ እጁን ቋጠሮው ላይ አደረገ። ከዚያ መልሶ አነሣው።

«አያ፣ አንድ ቀን ከፈታኋት ዳግም እሺ ብላ አትታሰርም» አላቸው። «ይቅርታዎን።»

አያ አራጋው ተቀየሙ። መሬቷንም ለሌላ ሰጡ። ይመር ወደ ማማው ወጣ።

ማማው ላይ አዲስ ሥርዓት ያዘ። አንዲት ክር በትንሿ ጣቱ ይነካል፤ ድምፁ እስኪያልቅ ይሰማል፤ ወንጭፉን አንሥቶ ግሪሳውን ያባርራል፤ ይመለሳል፤ ቀጣዩን ክር ይነካል። በአንዱ ድምፅና በሌላው መሐል ድንጋይ ይወረወር ነበር። በዚያ ዓመት ማሽላው አንድ ራስ እንኳ አልተነካም። ትንሿ ጣቱ ተሰነጠቀች፤ ዳነች፤ ቆዳዋ ጠነከረ። የሰጠችው ድምፅ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ከዚያ ጎረነነ። ከቀን ቀን የሚታይ ለውጥ አልነበረም። አንዳንድ ቀን ከትናንቱ የባሰ ነበር። እሱ ግን ትናንትን መቁጠር ተወ።

አንድ ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ሲጫወት እጁ ወደ ታች ወረደ። መታጠፊያው ላይ ደረሰ። አለፈ። ካለፈ በኋላ ነው ያወቀው። ደነገጠና አቆመ። እንደገና ሞከረ፤ ወደቀ። እንደገና ሞከረ፤ አለፈ።

ከማማው ወርዶ ወደ እትዬ ውዲቱ ሮጠ። እትዬ ውዲቱ ታመው ተኝተው ነበር። የጎረቤት ሴቶች ከበዋቸዋል። ይመርን ሲያዩ ዓይናቸው ወደ ጣቱ ሄደ።

«አለፍክ?» አሉት።

«አለፍኩ እትዬ። ዜማው ግን ገና ይንቀጠቀጣል።»

«የእኔም ድምፅ ይንቀጠቀጣል» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ዜማው አሁኑኑ ይሰማ ወይስ ይቆይ ብለው ተሰበሰቡ። አንዳንዶቹ፣ «ማሽላው ገና አልታጨደም፤ ቀኑ አልደረሰም» አሉ። ያን ጊዜ አያ አራጋው ቆሙ። የተቀየሙት አያ አራጋው ናቸው። «ቀኑን የሠሩት እሳቸውና ባላቸው ናቸው» አሉ ወደ እትዬ ውዲቱ ቤት እያመለከቱ። «እሳቸው ካለፉ የምን ቀን ነው የምንጠብቀው?» ይህን ሲሉ ነገሩ አለቀ። የእትዬ ውዲቱን አልጋ አራት ሰዎች ተሸከሙ። ሰው ሥራውን ጥሎ ከመቃብሩ ሜዳ ወጣ።

ይመር ክራሩን ያዘ። ጣቱ እንደታሰረች ነበር። ጀመረ። እትዬ ውዲቱ የመንደሩን ሙታን ጠሩ፤ ሕዝቡም አብሮ ጠራ። መታጠፊያው ላይ ደረሰ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ዝም አለ። ይመር ቀስ አለ፤ በጣም ቀስ አለ። ትንሿ ጣቱ ክሩን ነካች። ዜማው ወረደ።

እትዬ ውዲቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አፋቸው ከክሩ ኋላ ተከተለ። «ከላስታ የመጣው አንጥረኛ፣ ብሩ» አሉ። ክሩ ቀጠለ። «ሁለት ሴት ልጆቿን ያስቀደመች፣ ውባየሁ» አሉ። ስንት ዓመት ያልተጠሩ ስሞች አንድ በአንድ ወጡ። 

«ልጇን አዝላ የመጣች፣ የራያዋ አስያ» አሉ እትዬ ውዲቱ።

ይመር ሰማ። መላ ሰውነቱ ሰማ። እጁ ሊቆም ፈለገ። ግን ከአስያ በኋላ የሚጠሩ ሌሎች ነበሩ፤ እነሱም የሰው እናት፣ የሰው ልጅ ናቸው። እጁ ከቆመ እነሱ አይጠሩም። አላቆመም። እንባው በክራሩ ቆዳ ላይ እየወረደ፣ ዓይኑ ምንም ሳያይ፣ የመጨረሻው ስም እስኪወጣ ድረስ ትንሿን ጣቱን ከክሩ አላነሣም። ሲጨርስ ክራሩን መሬት አስቀመጠ፤ ከዚያ በግንባሩ ተደፍቶ አለቀሰ።

እትዬ ውዲቱ በዚያው ሳምንት አረፉ። ሕዝቡ ግን ከሜዳው ሳይበተን መክሮ ነበር። «ስሞቹን በአንድ ሰው አፍ ላይ ብቻ አናስቀምጥም» አሉ። እያንዳንዱ ቤት የአንድ እንግዳ ስም ወሰደ። አያ አራጋው፣ «አስያን ለእኔ ቤት ስጡኝ» አሉ። ይመርም ማንም ያልወሰደውን የአንጥረኛውን የብሩን ስም ወሰደ።

ይመር ከዚያ በኋላም ማሽላ ጠባቂ ሆኖ ኖረ። ክራር ለሚወዱ ሁሉ አስተማረ። ባለጠጋ አልሆነም። ጣቱን ግን ፈታት፤ መቼ እንደፈታት እሱም አላስታወሰም።

በዚያ አገር እስከ ዛሬ ክራር የሚማር ሰው እጁ አንድ ቦታ ሲቆምበት፣ አስተማሪው ከራሱ ልብስ ጠርዝ ክር መዝዞ የግራ ሌባ ጣቱን ያስርለታል። ክራር የማይነካውም ቢሆን፣ አራሹም ሸማኔውም፣ የለመደው ነገር ካላሻገረው «ሌባ ጣትህን እሰር» ይሉታል። በየዓመቱም ከመቃብሩ ሜዳ ዜማው ሲታጠፍ የእንግዶቹ ስም ይጠራል፤ ስሙን የያዘው ቤትም በአንድ ድምፅ ይመልሳል። «አስያ» ሲባል፣ የአያ አራጋው የልጅ ልጆች «አለች» ይላሉ።

እኔ የተቀበልኩትን አደረስኩ፤ ከዚህ ወዲያ ያለው የእናንተ አፍ ነው።