የጾመው በቀቀን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ወፍ ኩስ ላወራችሁ ነው። ፊታችሁን አትቋጥሩ። ከዚህ ዐውደ ምሕረት ላይ ስለ ወርቅ ስናወራ ደስ ብሏችሁ ትሰማላችሁ፤ ዛሬ ደግሞ ይህን ስሙኝ።

አንዲት ሴት ነበረች። ከተማዋን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ነገ ሄዳችሁ በሯን ታንኳኳላችሁ። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ጊዜ ከሚዛን ከተማ ሲመለስ አረንጓዴ በቀቀን ይዞላት መጣ፤ ስሙንም ሸጋው አሉት። ልጅ አልነበራቸውም። ሰውዬው ከመንገድ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ «የሺ፣ መጣሁ» ይላል፤ ወፉም በእሱው ድምፅ «የሺ፣ መጣሁ» ማለት ለመደ። ኋላ ባል ሞተ፤ ድምፁ ግን ቤት ውስጥ ቀረ። በየጠዋቱ የሞተው ባሏ በወፉ አፍ «የሺ፣ መጣሁ» ይላታል። ይህች ሴት፣ የሺመቤት፣ ያንን ወፍ ምን ያህል ትወደው እንደነበር እኔ ልንገራችሁ? አያስፈልግም።

የነነዌ ጾም ደረሰና ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስብከት ሰማች። ሰባኪው በነነዌ ሰዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ከብቶቻቸው ሳይቀሩ እንደጾሙ፣ እግዚአብሔርም እንደራራላቸው አስተማረ። ድምፁንም ከፍ አድርጎ «እንስሳው ሲጾም አንተ ትበላለህ?» አለ። ሰባኪው እኔ ነበርኩ። አልደብቃችሁም።

የሺ ይህን ይዛ ቤቷ ገባች። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሸጋውን አስጾመችው።

እንዴት አስጾመችው? ጠዋት ጠዋት ይበላው የነበረውን ሱፍና በቆሎ፣ ሙዝና ቅጠል አነሳችበት። እሁድ እሁድ የምትቆርስለት የተቀቀለ እንቁላልማ ያው ፍስክ ነው። እሷ ቅዳሴ ቆማ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስትመለስ አብረው ይፈታሉ፤ ለእሷ ሽሮ፣ ለእሱም ከሽሮዋ ፍትፍት። ወፍ ጨውና በርበሬ ምን ያደርግለታል? ነካ አድርጎ ይተወዋል።

ሰፈሩ ወሬውን ሰማ። ማኅበርተኞቿ እየመጡ አዩት። አንዷማ ቤቷ ገብታ ባሏን «ከወፍ አነስክ» አለችው አሉ። ሲያመሰግኗት የሺ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ያቺን ነጠላ ማስተካከል ታውቋታላችሁ። እኔም ይህን ቀሚስ እንዲሁ አስተካክላለሁ።

ሲውል ሲያድር የወፉ ኩስ ቀነሰ። ከሽቦ ቤቱ ሥር የምታነጥፈውን ጋዜጣ ድሮ በቀን ሁለቴ ትቀይር ነበር፤ አሁን አንዱን ለሁለት ቀን ታቆየዋለች። ጠብ የምትለውም ጥቂት፣ ጠቆር ያለች አረንጓዴ ናት። የሺ ምን አለች? «ጾም ያነጻል» አለች። ወፉ መናገር አቆመ። ምን አለች? «አርምሞ ያዘ» አለች። ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ይቆም ጀመር። «ይጸልያል» አለች። የባሏ ድምፅ ከቤቷ ጠፍቶ እንኳ አልደነገጠችም። ናፈቃት፣ ተደብቃ አለቀሰች፤ ግን ሱባኤ የገባን አታስቸግሪ ብላ ራሷን ገሠጸች።

አልደነገጠችም። ይህን ቃል ያዙልኝ።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት ጎረቤት የተቀቀለ ቀይ ሥር ላከችላት። ጨው አልገባበትም ነበር። ሸጋው እየተንገዳገደ ወርዶ ቀመሰው፤ ጣፈጠው መሰለኝ ደህና አድርጎ በላ። በማግሥቱ ጠዋት የሺ ጋዜጣው ላይ ቀይ አየች። ደም የመሰለ ቀይ።

አሁን ደነገጠች! ነጠላም ሳትደርብ ወፉን በካርቶን፣ ጋዜጣውን በፌስታል ይዛ ባጃጅ ውስጥ ገባች። እንስሳት ክሊኒክ እስክትደርስ ድረስ «ደሙ አለቀ፣ ደሙ አለቀ» ስትል ሾፌሩ ሰው የሞተባት መስሎት ይነዳል።

ሰብለ የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረች። ጋዜጣውን ዘርግታ አየች፤ ትናንት ምን እንደበላ ጠየቀች። ቀይ ሥር መሆኑን ስትሰማ ፈገግ አለች።

«እማማ፣ ይሄ ደም አይደለም። የቀይ ሥሩ ቀለም ነው። ነገ ይለቃል።»

የሺ «ተመስገን» ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ሐኪሟ ግን ወፉን ከካርቶኑ አንስታ ደረቱን ዳበሰችና ፈገግታዋ ጠፋ። ሥጋ የለም፤ የደረቱ አጥንት እንደ ቢላ ስለት ወጥቷል። ተመልሳ ጋዜጣውን አየችው። አሁን የምታየው ቀዩን አልነበረም፤ ባዶውን ቦታ ነበር። ኩሱ መቀነስ የጀመረው መቼ እንደሆነ ጠየቀች።

የሺ ሁሉንም ነገረቻት። ጾሙን፣ ዘጠኝ ሰዓቱን፣ አርምሞውን፣ የጋዜጣውን ንጹሕነት፣ የነነዌን እንስሳት። እየኮራች ነበር የምትናገረው። ስትጨርስ ሐኪሟ ጠየቀቻት።

«እማማ፣ የሦስት ዓመት ሕፃን ቢኖርዎት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስጾሙታል?»

«ኧረ በስመ አብ፤ ሕፃን ይጾማል እንዴ፣ ልጄ?»

«ይሄ ወፍ ከሕፃን ያንሳል። ቀኑን ሙሉ ካልለቀመ የገዛ ሥጋውን ነው የሚበላው። ጋዜጣው የነጣው ወደ ሆዱ የሚገባ ስለሌለ ነው። ዝም ያለውም አቅም አጥቶ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆመው እየጸለየ አይደለም፤ እየሞተ ነው።»

ወገኖቼ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት። «ጆሮዬ ጮኸ» አለችኝ። «ቀዩን አይቼ የደነገጥኩት ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር» አለችኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ፣ እየሞተ ያለ ፍጥረት ፊት ቆማ እግዚአብሔርን ስታመሰግን ከርማለች። ንጹሕ ጋዜጣ ይዛ!

ወፉ ዳነ። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በቀን ስድስት ጊዜ እያጎረሱት ሰነበተ፤ ሱፉም ቅጠሉም ቀስ በቀስ ተመለሰለት። ለፋሲካ ጋዜጣው እንደ ድሮው ተበላሽቶ ሲያድር የሺ እልል አለች። ድምፁ ግን አልተመለሰም። ያፏጫል፣ ይንጫጫል፤ «የሺ፣ መጣሁ» አይልም። ሐኪሟም ምክንያቱን አላወቀችውም። የሺ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ እስከ ዛሬ አልተናገረም።

እኔ ዘንድ ስትመጣ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። «አባታችን፣ የነነዌ እንስሳት ስንት ቀን ነበር የጾሙት?» ብቻ አለችኝ። ሦስት ቀን አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እናንተስ የምትደነግጡት ምን ስታዩ ነው? ልጃችሁ ፀጉሯን ቀይ ስትቀባ ሽማግሌ ትሰበስባላችሁ። ቀለም ነው፣ ነገ ይለቃል! ድሮ ይከራከራችሁ የነበረው፣ ቤቱን ያተራምስ የነበረው ልጅ በሩን ዘግቶ ዝም ሲል ግን ምን ትላላችሁ? «ጨዋ ሆነ» ትላላችሁ።

አንተ ወንድሜ፣ ሚስትህ መጨቃጨቅ ካቆመች ስንት ጊዜዋ ነው? «ቤቴ ሰላም ሆነ» ብለህ ለጓደኛህ አላወራህም? አንቺስ እህቴ፣ ስትመጣ ታንጎራጉር የነበረችው ሠራተኛሽ ዛሬ «እሺ» ብቻ ነው የምትለው። «ሠለጠነች» አልሽ። አንቺ ቅዳሴ ቆመሽ እስክትመለሺ እሷ በስንት ሰዓት ነው እህል የምትቀምሰው?

ጾም ተዉ አላልኩም፤ ጾሙ። በገዛ ሆዳችሁ ጾሙ። በሌላው ሆድ አትጹሙ።

እኔም አልቀረልኝም። ድሮ ስብከት ሳበቃ ከብባችሁ ትጠይቁኝ፣ ትሞግቱኝ ነበር። አሁን ትሰማላችሁ፣ ትነሣላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። እኔ ደግሞ «እንዴት ያለ ጸጥ ያለ ጉባኤ ነው ያለኝ» እያልኩ በየደብሩ ስመካ ከረምኩ። ዛሬ ግን ይህ ጸጥታችሁ አስደንግጦኛል። ይኸው፣ ማይክራፎኑን አስቀመጥኩት። እስኪ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ይነሣና ምን እንደራበው ይንገረኝ።