የዳማ መስታወት

በአንድ ወቅት፣ ጠጋ በሉ እንጂ፣ ድምፄ ሩቅ አይደርስም፣ ጋሽ መንገሻ የሚባሉ ባለታክሲ ነበሩ። መኪናቸው አሮጌ ናት። ቀለሟ የዳማ ፈረስ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ዳማ» ይላታል። በዚያ ሰፈር የተዳረች ሴት ሁሉ የወጣችው በዳማ ነው። ሲያጥቧት ብታዩ፣ ሕፃን ገላ የሚያጥቡ ነበር የሚመስሉት።

ዳማ ግን አንድ ሕመም ነበረባት። የኋላው የቀኝ በር መስታወት፣ ያ በተን ሲጫኑት የሚወርደው፣ አንድ ቀን ተዘግቶ እንደተዘጋ ቀረ። ጋሽ መንገሻም «የመስታወቱ ሞተር ተቃጥሏል» ብለው ፈረዱበት። ተሳፋሪ እጁን ሲሰድ «ተወው፣ ይረፍበት!» ይላሉ።

የእልፍነሽ ሠርግ ደረሰ። እልፍነሽን ያሳደጓት አያቷ እማማ ደጊቱ ናቸው። እግራቸው ከድቷቸው ከደጃቸው አይርቁም፤ ድንኳኑ ደግሞ የተጣለው አጎቷ ግቢ ነው። በዚያ ሰፈር ሙሽራ መኪና ከገባች፣ በሩ ባሏ ደጅ ሳትደርስ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ትዳር አይጸናም ይላሉ። እንግዲህ እማማ ደጊቱ የሚመርቋት በደጃቸው ስታልፍ፣ ሙሽራ በምትቀመጥበት በኋላው የቀኝ መስኮት ነው። እንትፍ ያላሉበት ምርቃት ደግሞ ምኑን ምርቃት ሆነ? እንትፍታ መስታወት አያልፍም!

በሠርጉ ጠዋት ጋሽ መንገሻ ከድንኳኑ አጠገብ ባለው ደጃቸው ሦስት ልጆቻቸውን ጠሩ።

«ዓይኔ ደክሟል። ሙሽራዋን አድርሼ መንዳት አቆማለሁ። ይህን መስታወት አውርዶ የሚመልስልኝ የዳማን ቁልፍ ይረከበኛል። ወርዶ ከቀረ ግን ልጅቷን አቧራ አልብሼ ባሏ ቤት አላገባም!»

ሦስቱም መንዳት ያውቃሉ። ሦስቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ ዳማን ዳማን እንዳሉ ነው ያደጉት።

ታላቁ አስናቀ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ጆሮው የጉንዳን እርምጃ ይሰማል። «ከበሮውን አቁሙ!» ብሎ ሠርገኛውን ሁሉ ዝም አሰኘ። ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ በተኑን ተጫነ።

«አባባ፣ ሞተሩን በሕይወቱ ነው የቀበሩት። ይዞራል! መስታወቱን የሚስበው የሽቦ ገመድ ነው ግማሹ ተበጥሶ የተተበተበው።»

የበሩን ሽፋን ሲገልጠው እንዳለው ሆኖ ተገኘ። ግን ዕለቱ እሁድ ነው፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ፤ ገመድ ከየት ይምጣ?

መካከለኛዋ ውብዓለም ብስክሌት ጋላቢ ናት። ዓመት ሙሉ የለፋችበት የከተማው ውድድር በዚያው ጠዋት ነበር፤ ቁጥሯን ለብሳ ልትወጣ ነው። ማንም አልጠየቃትም። ብስክሌቷን ገለበጠችና የኋላውን ፍሬን ገመድ መዘዘችው።

«ልጄ፣ ውድድርሽስ?»

«ያለ ኋላ ፍሬን ቁልቁለት አይወረድም፣ አባባ። ቀርቷል።»

የውድድሩ ፊሽካ ከአደባባዩ ሲነፋ ሰማችው። ቀና ብላ አላየችም፤ እጇ ግራሶ ውስጥ ነበር።

አሮጌው ገመድ ሲቆረጥ ግን መስታወቱን የሚይዘው ጠፋ። ከወደቀ ዱቄት ነው። ታናሹ ታምሩ ሸማኔ ነው። «እኔ ስለ መኪና አላውቅም፣ መያዝ ግን አውቃለሁ» ብሎ በሁለት መዳፉ ያዘው። አዲሱ ገመድ ሊታሰር ጥቂት ሲቀረው መስታወቱ አመለጠ። ታምሩ ጣቶቹን ከሥሩ ሰደደ፤ በመስታወቱና በብረቱ መካከል ገቡ። ደሙ በበሩ ወረደ።

«ልቀቀው፣ አንተ እብድ!» አለው አስናቀ።

«እናንተ ፍጠኑ እንጂ እኔ የት እሄዳለሁ!»

ጣቱ የተቆረጠ ሸማኔ መወርወሪያ አይወረውርም። ለበዓል የተያዘው ጥበብ እዚያው የሽመና ዕቃው ላይ ቀረ።

ዳማ አበባዋን ለብሳ እማማ ደጊቱ ደጅ ቆመች። አሮጊቷ በርጩማቸው ላይ ሆነው «ከመስታወት ኋላ ያለች ልጅ ፎቶ ናት!» ብለው ሊያኮርፉ ሲሉ፣ መስታወቱ ዝዝዝ ብሎ ወረደ። የእልፍነሽን ግንባር ዳሰሱ። «እንትፍ! እንትፍ! ወልደሽ ሳሚ፣ ቤትሽ ይሙላ!» መስታወቱ ዝዝዝ ብሎ ወጣ፤ እልልታው ቀለጠ። ጋሽ መንገሻ መሪውን እንደያዙ እንባቸው ወረደ። እንባው የኩራት ነው!

ሙሽራዋን አድርሰው ሲመለሱ ሦስቱ ደጅ ላይ ጠበቋቸው።

«ባልሰማ ኖሮ ምኑን ትቆርጡት ነበር?» አለ አስናቀ።

«በል ጆሮህን ንዳው!» አለች ውብዓለም። «ገመዱ የማን ሆነና?»

ታምሩ የታሰረ እጁን አነሳ። «መስታወቱ ቢሰበር ገመድሽን ምን ላይ ታስሪው ነበር፣ እቴ?»

አባት ሦስቱን አዩ። «እንዲህ ያለ ክርክር ለወለደ ሁሉ ይድረሰው» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ቁልፉ ግን አንድ ነው፤ የተዘረጋውም እጅ ሦስት።

እኔ እዚህ ድረስ አመጣኋችሁ፤ ፍርዱ የናንተ ነው። ሕመሙን የሰማው ነው? ዓመት የለፋችበትን የሰጠችው ናት? ወይስ እየደማ ያልለቀቀው? በሉ እስቲ ተናገሩ፣ የዳማ ቁልፍ ለማን ይገባል?