የፀሐይ ምድጃው አዋጅ

በዋንዛው ደን ሥርዓት ነበር፤ ንጉሡ አንበሳ ያዝዛሉ፣ አያ ጅቦ ያስፈጽማል፣ የቀረው ይታዘዛል። ምግብ ሻጮቹ ትንንሽ አውሬዎች የሚውሉት ከወንዙ መሻገሪያ ዳር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ነው። እመት ጃርት እዚያ የባቄላ ንፍሮ መሸጥ ከጀመረች ሰባት ክረምት አልፏል። የምታነደው የወደቀ ጭራሮ ነው፤ ንፍሮውን የምታቀርበው በኮባ ቅጠል ነው፤ በላተኛው ሲነሳ ቅጠሉን ድኩላ ይበላዋል። የሚጣል ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ንጉሡ በዚያ ሲያልፉ ጭስ ገባባቸውና ሦስት ጊዜ አስነጠሱ። ወዲያው ጉባኤ ተጠራ።

ጅብ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ሰሃን የመሰለ ነገር ይዞ ቀረበ።

«ይህ የፀሐይ ምድጃ ይባላል። እንጨት አይፈልግም፣ አይጨስም። ከዛሬ ጀምሮ እሳት የሚያነድ ሻጭ የደናችን ጠላት ነው።»

ጉባኤው አጨበጨበ። እመት ጃርት ተነሳች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ምድጃው ደግ ነው፤ እኔም ዓይኔን ጭስ ፈጅቶታል። ግን ያለንበት ጥላ ነው፣ ፀሐይ አይገባበትም። እስቲ ከማዘዝዎ በፊት አንድ ቀን መጥተው ይዩት።»

ንጉሡ ወደ ጅብ ዞሩ። «እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው» አለ ጅብ ሳያመነታ። «ስለዚህ ጥፋቱ የዛፎቹ ነው።»

በሳምንቱ የመሻገሪያው ዛፎች፣ ደኑን ለማዳን ሲባል፣ ተቆረጡ።

ምድጃውም ሠራ። እመት ጃርት ያለ እሳት የፈላውን ባቄላዋን አይታ ተገረመች፤ እውነት ለመናገር ወደደችው። በላተኛ ግን አልመጣም፤ በጠራራ ፀሐይ ተቀምጦ ትኩስ ንፍሮ የሚበላ ማን ነው? ኮባው ጠወለገ። ወንዙም እያነሰ ሄዶ ባቄላ የሚዘፈዘፍበት ውሃ ጠፋ።

ጅብ ሊቆጣጠር ሲመጣ «አያ ጅቦ፣ ውሃ የለም እኮ» አለችው።

«ምድጃው ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ ምን ጎደለሽ?»

እመት ጃርት እሱ ሲሄድላት ምድጃዋን አዝላ፣ ድስቷን አንጠልጥላ፣ ዛፍም ገላጣም ምንጭም ወዳለበት ወደ ማዶው ሸለቆ ተሻገረች። እዚያ ምድጃዋን ገላጣው ላይ፣ በላተኛዋን ጥላው ሥር አስቀመጠች። የቀሩት ሻጮች አንድ በአንድ ተከተሏት፤ በላተኛውም ሻጮቹን ተከተለ።

ጅብ ለንጉሡ ሪፖርት አቀረበ፦ «በመሻገሪያው ጭስ ጨርሶ ጠፍቷል።»

ንጉሡ «የሚበላስ?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጉባኤው ግን በጭብጨባ ቀደማቸው። ጉባኤው ጅብና ሁለት ወንድሞቹ ነበሩ።