ጨዋው ማጫወቻ

አንዲት አንደበተ ስል የደሴ ጠጅ ሻጭ ለጠጅ ቤቷ የዲቪዲ ማጫወቻ ልትገዛ ወጣች። ደንበኞቿ ሾፌሮች የሕንዱንም የዓረቡንም ፊልም ስለሚያመጡላት፣ የሁሉንም አገር ሲዲ የሚያነብ ርካሽ ዕቃ ነበር የፈለገችው።

የገባችበት ሱቅ ባለቤት አቶ ይርዳው ግን ርካሽ የጠየቀውን ሁሉ የሚንቅ ኩሩ ሰው ነበር። ውዱን ዕቃ አውርዶ በመሀረብ እየወለወለ፣ "ይኸውልሽ፣ ይህ ጨዋ ነው። የአውሮፓ ሲዲ ካልሆነ አፉን አይከፍትም። ያ ርካሹ ግን ማንም ያመጣለትን የሚውጥ ሆዳም ነው" አላት።

ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። አቶ ይርዳው በሰዉ ሳቅ ልቡ ሞቀና፣ "በይ እስቲ በሰው ፊት ተናገሪ፤ ቤትሽ የምታስገቢው ጨዋውን ነው ወይስ ሆዳሙን?" ሲል አፋጠጣት።

ሴትዮዋ ፊቷ ጋለ። ሆዳሙን ብትል መሳቂያ ልትሆን፣ ጨዋውን ብትል የማይሠራላትን ዕቃ ተሸክማ ልትገባ ነው። ነጠላዋን አስተካከለችና፣ "ጌታዬ፣ ሆዳሙን ይስጡኝ" አለች። "መርጦ የሚጎርስ፣ ሰው መርጦ የሚያጫውት፣ ሲያኮርፍ አፉን የሚዘጋ ጨዋ እንደሆነማ ቤቴም አለ፤ ባሌ ነው። እሱንም ቢሆን የወሰድኩት ቤተሰቦቹ በነፃ ስለሰጡኝ ነው!"