የጥበቃው ጋቢ እና የስኮትላንዱ እንግዳ

ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይለልዑል የመሥሪያ ቤታቸው ጥበቃ በደንብ ልብሱ ላይ ጋቢ ደርቦ ቢያዩት ተቆጡ። «ዛሬ ከስኮትላንድ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ። የባህል ልብስ የለበሰ ሰው በዚህ በር ዝር እንዳይል! አለዚያ ሥራህን አጣህ ማለት ነው» አሉት። ጥበቃው ጋቢውን አውልቆ አጣጠፈው።

እንግዳው ግን የአገራቸው ወንዶች የባህል ልብስ የሆነውን ሽንሽን ጉርድ ቀሚስ ለብሰው መጡ። ጥበቃው በሩ ላይ አቆማቸው።

አቶ ኃይለልዑል እየሮጡ ወጡና «አብደሃል እንዴ? ባህላቸው እኮ ነው!» ብለው ጮኹበት።

«ጌታዬ፣ ትእዛዝዎን እያስከበርኩ ነው» አለ ጥበቃው። «እኔ ጋቢዬን ሳወልቅ ከሥር ሱሪ ነበረኝ። እሳቸው ከሥር ምን እንዳላቸው ግን አላውቅም። እንግሊዝኛ የሚችሉት እርስዎ ነዎትና ይጠይቁልኝ።»